ማንም የማይቀጣቸው ልጃገረዶች

ባለፈው የፈረንጅ ገና ሰሞን እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ለንደን እኛ ጋ ከርማ ነበር። ብርዱ አያስወጣም። አስር ሰዓት ላይ ይጨልማል። አንድ ምሽት እራት በልተን ቻናል ስንቀያይር አንድ የድሮ ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ አረፍን። ዩኒፎርም የለበሱ ልጃገረዶች ከእረፍት ወደ አዳሪ ትምህርት ቤታቸው እየተመለሱ ነው። የመንደሩ ሰው ይራወጣል። ሱቅ ይዘጋል፣ በር ይቆለፋል። እናቴ "ምን መጣባቸው? ጦር ነው እንዴ?" አለች። "ተማሪዎች ናቸው፣ እማማ" አለቻት ልጄ። ሪሞቱን አስቀመጥኩት።

ፊልሙ "ዘ ቤልስ ኦቭ ሴንት ትሪኒያንስ" ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣ የብሪታኒያ ኮሜዲ። ልጄ አዲሱን፣ በ2007 የተሠራውን፣ ከጓደኞቿ ጋር አይታዋለች። እኔ ስሙን ከሰው አፍ ከመስማት በቀር ሙሉውን አይቼው አላውቅም ነበር። የእናቴ እንግሊዝኛ ደግሞ ከሰላምታና ከገበያ አያልፍም። "ምን አሉ? ምን አሉ?" ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ አንዴም አልጠየቀችኝም። ልጆቹ በኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ ብልቃጥና ቱቦ ቀጣጥለው ጠብ ጠብ የሚል ነገር ሲያጠራቅሙ አየች። "አረቄ እያወጡ እኮ ነው!" ብላ ጭኗን መታች። ልክ ናት። ጂን ነው የሚያወጡት። ፍላሽ ሃሪ የሚባል የአየር ባየር ነጋዴ እየተረከበ ይሸጥላቸዋል።

እዚህ ላይ እናቴ ማን እንደሆነች ልንገራችሁ። ዕድሜዋን ሙሉ አንደኛ ደረጃ አማርኛ ያስተማረች ሴት ናት። የምትፈራ አስተማሪ ነበረች። ገና ከኮሪደሩ ጫማዋ ሲሰማ ክፍሉ ጸጥ እረጭ ይላል። የክፍል አለቃው የረባሾችን ስም ጽፎ ይጠብቃታል። የተጻፈ ይንበረከካል። እኔም አንድ ዓመት ተማሪዋ ነበርኩ። ልጇ ነኝ ብላ አላሳለፈችኝም። ስለዚህ ይህን ፊልም አብሬያት ሳይ አንድ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ፣ አንድ ዓይኔ እሷ ላይ ነበር።

ነገሩ የሆነው ፊልሙ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ነው። አንድ ሱልጣን ልጁን እዚህ ትምህርት ቤት አስገብቷል። ሱልጣኑ የእሽቅድምድም ፈረስ አለው። አራተኛ ፎርም ያሉት ትንንሾቹ በፈረሱ ላይ ገንዘብ አሲዘዋል። ስድስተኛ ፎርም ያሉት ትልልቆቹ በሌላ ፈረስ ላይ ስላስያዙ ይሄኛው እንዳይሮጥ ይሰርቁታል። ትንንሾቹ ደግሞ ከሰራቂዎቹ ሰርቀው ወደ መኝታ ክፍላቸው ያስገቡታል። አዎ፣ ፈረስ፣ ከአልጋዎቹ መሀል። እናቴ ከሶፋው ጫፍ ላይ ወጥታለች። ሁለት እጇን አቆላልፋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እመቤቴ፣ አታስይዣቸው" አለች።

ዞር ብዬ አየኋት። ስክሪኑን ትቼ እሷን ብቻ አየሁ። ስንቱን ልጅ ከአጥር ላይ ያወረደች፣ ስንቱን ያረፈደ በር ላይ ያስቆመች ሴት ናት። ለረባሾች ትጸልያለች።

ፊልሙ አለቀ። የተዋናዮቹ ስም ወጣ። እናቴ ግን ትጠብቃለች።

"አለቀ?"

"አለቀ፣ እማዬ።"

"ታዲያ መቼ ነው የሚቀጡት?"

"አይቀጡም።"

"ማንም አይቀጣቸውም?"

"ማንም።"

ትንሽ ቆየችና "ጎሽ" አለች። "ጎሽ" ከእናቴ አፍ በቀላሉ የሚወጣ ቃል አይደለም። ደብተር ላይ እንኳ አልፎ አልፎ ነበር የምትጽፈው። ያቺ "ጎሽ" ናት እስከ ዛሬ ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለችው።

የቅጣቱ ሰዓት

ለራሴ ሳስበው እኔም ስጠብቅ ነበር። እየሳቅኩ እንኳ አንድ ቦታ ላይ ሂሳቡ እንደሚመጣ እርግጠኛ ነበርኩ። አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዷ ትጎዳለች፣ አንዷ "ከእንግዲህ ጨዋ እሆናለሁ" ትላለች። ያደግንበት ተረት እንደዚያ ነው። እናቱን ያልሰማ ግልገል ጅብ ይበላዋል። በቴሌቪዥን ድራማ ማታ ማታ የምትወጣው ልጅ በስተመጨረሻ ሆስፒታል ተኝታ ትታያለች። ወንዱ ረባሽ አድጎ ሰው ሊሆን ይችላል። "ልጅ እያለ እንዴት ያለ ረባሽ ነበር መሰላችሁ" እየተባለ በሰርጉ ላይ ይሳቅለታል። ሴቷ ስትረብሽ ግን ነገሩ ወዲያው ስለ ሕይወቷ ይሆናል። "ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ" ብሎ የሚተርት ሕዝብ ውስጥ ያደገች ልጅ ብልጠቷ ራሱ እንደሚያስጠይቃት ቀድማ ታውቃለች።

እንግሊዞቹም ከዚህ አይሻሉም ነበር። ፊልሙ ሲወጣ በብሪታኒያ ትምህርት ቤቶች አስተማሪ ተማሪ ቢመታ ሕጋዊ ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ዱላ የቀረው በ1987 ነው። በእንግሊዝ የግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ በ1999። አገሩ ገና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት አላገገመም። ሥጋ ከራሽን የወጣው በዚያው በ1954፣ ጁላይ ላይ ነው። ዓመታት ሙሉ ተራ ጠብቆ፣ ኩፖን ቆጥሮ፣ "ለአገርህ ስትል ታገስ" እየተባለ የኖረ ሕዝብ ነው ሲኒማ ቤት ገብቶ እነዚህን ልጆች ያየው። ተራ የማይጠብቁ፣ ፈቃድ የማይጠይቁ፣ የሚፈልጉትን የሚወስዱ ልጆች። ፊልሙ ለምን እንደዚያ እንደተወደደና ተከታታይ እንዳስወለደ ለመረዳት ብዙ ምርምር የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ደስ የሚለኝ ሌላም ነገር አለ። በዚህ ፊልም ውስጥ ጥሩዎቹና መጥፎዎቹ ተብለው የተለዩ ልጆች የሉም። ሁለቱም ወገን አጭበርባሪ ነው። ሁለቱም ቁማርተኛ ነው። የምንደግፋቸው ትንንሾቹ ከትልልቆቹ ስለሚሻሉ አይደለም። ትንንሽ ስለሆኑና ስለተባበሩ ነው። "ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" ይባላል። እዚህ ግን ልጆቹ ያቦኩት ለትምህርት ቤቱ ሁሉ ይተርፋል። ዳይሬክተሯ የቀራትን ገንዘብ በዚያው ፈረስ ላይ አሲዛለች። ትምህርት ቤቱ ዕዳ ውስጥ ነው። ፈረሱ ባይሮጥ በሩ ይዘጋ ነበር። ትንንሾቹ ፈረሱን ባይሰርቁት ፈረሱ አይሮጥም ነበር።

ሚስ ፍሪተን

ስለ ዳይሬክተሯ ብዙ ማውራት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የፊልሙ ልብ እሷ ናት። ሚስ ሚሊሰንት ፍሪተንን የሚጫወተው ወንድ ነው፣ አላስተር ሲም። ወስላታውን ወንድሟን ክላረንስንም ራሱ ይጫወታል። ወንድ ቀሚስ ለብሶ ሲያስቅ ብዙ ጊዜ አይተናል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀው ሴትን ማቅለሉ ነው። ድምፁን ያቀጥናል፣ ዳሌውን ያማታል። ሲም ይህን አንዱንም አያደርግም። ሚስ ፍሪተንን ከምሯ፣ ባለ ክብር፣ ባለ ዶቃ፣ የድሮ እመቤት አድርጎ ነው የሚጫወታት። እናቴ ወንድ መሆኑን የነገርኳት ፊልሙ ካለቀ በኋላ ነው። አላመነችኝም። "እኔ የማውቃቸው አንዲት ዳይሬክተር ቁርጥ እሳቸውን ነበሩ" አለች።

ይህ ሰው አስተማሪነትን ከውጭ አልነበረም የሚያውቀው። የኤድንብራ ልጅ ነው። ተዋናይ ከመሆኑ በፊት እዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የንግግር ጥበብ ያስተምር ነበር። ኋላም፣ ስመ ጥር ሲሆን፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ሬክተራቸው አድርገው መርጠውታል። ከ1948 እስከ 1951 አገልግሏል። ሚስ ፍሪተን ውስጥ ያ ልምድ አለ። የደከመው አስተማሪ ድምፅ አለ። ሁሉን አይቶ፣ የቱን ልቆጣና የቱን ልለፍ ብሎ በየደቂቃው የሚመርጥ ሰው ፊት አለ። በላብራቶሪው ውስጥ ስታልፍ ፈንጂ የምትቀምም ልጅ ታያለች። ቀስ እንድትል በእናት አንደበት ትነግራታለች፤ መንገዷንም ትቀጥላለች።

እምነቷን አንድ ቦታ ላይ ትናገረዋለች። ሌሎች ትምህርት ቤቶች ልጃገረዶቻቸውን ሳያዘጋጁ ጨካኝ ዓለም ላይ ይጥሏቸዋል። የእሷ ልጆች ሲወጡ ግን መዘጋጀት ያለበት ዓለም ነው። ሲሰማ ቀልድ ነው። እኔ ግን በቀልድ ብቻ አልሰማሁትም። ሴት ልጅ እያሳደግኩ ነው። ልጄን ለዓለም እያዘጋጀኋት እንደሆነ ቀኑን ሙሉ አስባለሁ። ስልክሽን ደብቂ፣ አምሽተሽ አትውጪ፣ አውቶቡስ ላይ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጪ። ዓለምን ለእሷ ስለማዘጋጀት አስቤ አላውቅም።

ሚስ ፍሪተን ልጆቿን ትወዳቸዋለች። እንዲለወጡላት ቀጠሮ ይዛ አይደለም የምትወዳቸው። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ይባል የለ? እሷ ከነጂኑና ከነፈንጂው ነው። የትምህርት ሚኒስቴር ተቆጣጣሪ ይልካል፤ የተላከው ሄዶ ይቀራል። ፖሊስ ደግሞ ሩቢ ጌትስ የምትባል ፖሊስ በስፖርት አስተማሪ ስም አስርጎ ያስገባል። ሩቢን የምትጫወተው ጆይስ ግሬንፌል ናት። ረጅም፣ ቅን፣ እግሯ ከሆኪ ዱላ ጋር የሚጠላለፍባት። አለቃዋን ትወደዋለች። ያገባኛል ብላ የማትገባበት አደጋ የለም። በዚያ ሁሉ ተንኮለኛ መሀል አንድም ተንኮል የሌለባት እሷ ብቻ ናት። ልጆቹ ሲያንገላቷት እየሳቅኩ ልቤ እሷ ጋ ነበር።

እስረኛው ሠዓሊ

ሁሉም ሲተኛ እኔ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህን ትምህርት ቤት ማን አሰበው ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። መነሻው ካርቱን ነው። በፊልሙ መክፈቻ ላይ የሚታዩት ሥዕሎችም የዚያው ሰው ናቸው፣ የሮናልድ ሰርል። በ1920 ኬምብሪጅ የተወለደ ነው። ጦርነቱ ሲመጣ የመሐንዲስ ጦር ወታደር ሆነ። ስኮትላንድ ተመድቦ ሳለ ከአንድ ቤተሰብ ጋር ተዋወቀ። የቤቱ ልጆች ኤድንብራ ውስጥ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ይማሩ ነበር። ትምህርት ቤቱ ልጃገረዶች ራሳቸውን በራሳቸው እንዲገዙ የሚተው፣ ለዘመኑ አዲስ የሆነ አሠራር ነበረው። ስሙም ሴንት ትሪኒያንስ። ሰርል ለልጆቹ ማስደሰቻ ብሎ ስለ ትምህርት ቤታቸው የቀልድ ሥዕል ሠራላቸው። ሥዕሉ በኦክቶበር 1941 በአንድ የለንደን መጽሔት ላይ ወጣ። ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት የቆሙ ልጃገረዶች ናቸው። ከሴንት ትሪኒያንስ ጋር የነበረው ግጥሚያ በዓለም ሁኔታ የተነሳ መተላለፉን ያነባሉ።

በጥቂት ወራት ውስጥ ሰርል ሲንጋፖር ነበር። ፌብሩዋሪ 1942 ሲንጋፖር ስትወድቅ በጃፓን ጦር ተማረከ። ሃያ አንድ ዓመቱ ነው። ጦርነቱ እስኪያልቅ ድረስ በእስር ቆየ። እዚያው ሲንጋፖር፣ ቻንጊ እስር ቤት ታሰረ። ከታይላንድ ወደ በርማ የሚሄደውን የባቡር ሐዲድ ሲሠሩ ከነበሩት እስረኞች አንዱ ሆነ። ወባ፣ ረሃብ፣ ኮሌራ፣ ዱላ። በዚያ ሁሉ መሀል ይሥል ነበር። የሚሞቱ ጓደኞቹን፣ ጠባቂዎቹን፣ ጫካውን። ቢያዝ ይገደል ነበር። ሥዕሎቹን በኮሌራ ከሚያጣጥሩ ሰዎች ፍራሽ ስር ይደብቃቸዋል። ጠባቂዎቹ በሽታውን ስለሚፈሩ እዚያ አይደርሱም። ሦስት መቶ ገደማ ሥዕል ይዞ በሕይወት ወጣ። ዛሬ አብዛኞቹ እዚሁ ለንደን፣ ኢምፔሪያል ዋር ሙዚየም ውስጥ ናቸው።

ወደ አገሩ ተመልሶ ምን ሠራ? ሴንት ትሪኒያንስን ቀጠለ። ቀጫጭን እግር፣ የተንጨባረረ ጸጉር፣ ጥቁር ስቶኪንግ። በእጃቸው የሆኪ ዱላ፣ ጠርሙስ፣ አንዳንዴም መጥረቢያ። ከጦርነቱ በኋላ የሣላቸው ልጆች ከመጀመሪያዎቹ ይልቅ ጨለም ያሉ ናቸው። ለምን እንደሆነ ለመገመት ሕይወቱን ማወቅ ይበቃል። በአንድ በኩል ያስደነግጣል። በሌላ በኩል ደግሞ ለእኔ የገባኝ ሌላ ነገር ነው። ይህ ሰው ቅጣት ምን እንደሆነ ከማንም በላይ አይቷል። ያለ ጥፋት የተቀጣ ሰው ነው። ያ ሰው ለአገሩ ሕዝብ የሰጠው ዓለም፣ የፈለጉትን አጥፍተው ማንም የማይነካቸው ልጆች የሚኖሩበት ነው።

አንድ ገጠመኝ ደግሞ አለ። የፊልሙን ሙዚቃ የደረሰው ማልኮልም አርኖልድ ነው። የትምህርት ቤቱ መዝሙር፣ ጆሮ ውስጥ ገብቶ አልወጣ የሚለው፣ የእሱ ዜማ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1957፣ ያው አርኖልድ ስለዚያው የሞት ሐዲድ በተሠራው የክዋይ ወንዝ ድልድይ ፊልም ላይ ሙዚቃውን ሠርቶ ኦስካር ተሸለመ። አንድ የሙዚቃ ሰው የሰርልን ቀልድም የሰርልን መከራም በዜማ ነካቸው። "ቀለል ያለ ኮሜዲ ነው" ሲባል ከዚያን ቀን ወዲህ ቅር ይለኛል። ቀላል መሆኑ እውነት ነው። ቀላል ያደረጉት ሰዎች ግን ከባዱን የሚያውቁ ናቸው። ያን እያወቅኩ ስስቅ ሳቁ ይበልጥ ይጥመኛል።

ቡችላዋ

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ቡና እያፈላች አንድ ታሪክ ነገረችኝ። እስከዚያ ቀን ሰምቼው አላውቅም።

በንጉሡ ዘመን በልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ተምራለች። እሱን አውቃለሁ። ስለ ትምህርት ቤቱ ስታወራ ሁልጊዜ ስለ ሥርዓቱ ነው። አልጋ እንዴት እንደሚነጠፍ፣ አንሶላው እንዴት እንደሚወጠር፣ በስንት ሰዓት መብራት እንደሚጠፋ። ያን ጠዋት ግን "እኛም እኮ ፈረስ ነበረን" አለች። ፈረስ አልነበረም፣ ቡችላ ነበረች። አጥር ሥር ያገኟት። የመኝታ ክፍሉ ልጆች ተመካክረው በአንዷ የልብስ ሳጥን ውስጥ አኖሯት። ከምግብ ቤት ዳቦ በጉያቸው እየደበቁ ያመጡላታል። ማታ ስታላዝን አንዷ ትስላለች፣ አንዷ ታስነጥሳለች፣ አንዷ ጸሎት ጮክ ብላ ትጀምራለች። ተቆጣጣሪዋ "ዛሬ ምን መንፈስ ወረደባችሁ?" ትላቸዋለች። እናቴ የተቆጣጣሪዋን ድምፅ እያስመሰለች ስትነግረኝ ጀበናው ሊገነፍልባት ነበር።

በስተመጨረሻ ተያዙ። "ማን አመጣት?" ሲባሉ አንዷም አልተናገረችም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ተቆጣጣሪዋ ያን ሁሉ ልጅ ነጥላ ማውጣት አቃታት። ሁሉም ጠጠር ላይ ተንበረከኩ። ቡችላዋ ተወሰደች። "ከዚያ በኋላ ስለሷ አውርተን አናውቅም" አለች እናቴ። ረከቦቱን እያስተካከለች ቀጠለች፦ "ጠጠሩ ትዝ ሳይለኝ ቀርቶ አያውቅም። ቡችላዋን ግን ረስቻት ነበር። ትናንት ያን ፈረስ ሳይ ነው ትዝ ያለችኝ።"

ይህን ስትል ትናንት ማታ ለምን እንደጸለየች ገባኝ። ቅጣት የሚያስተምረው ነገር እንዳለ አውቃለሁ። የሚያስረሳው ነገር እንዳለ ግን አልገባኝም ነበር። ታሪኩ በጠጠሩ ካለቀ ስለ ጠጠሩ ብቻ ይሆናል። ሳሉ፣ ማስነጠሱ፣ ጸሎቱ፣ ዳቦው ይጠፋል። እናቴ በስንት ዓመቷ ቡችላዋን ያስመለሰላት አንድ እንግሊዝኛው ያልገባት ፊልም ነው። መጨረሻው ላይ ማንም ስለማይንበረከክ፣ ፈረሱ ፈረስ ሆኖ ይቀራል።

"ታዲያ አንቺ ለምን ታንበረክኪን ነበር?" ብዬ ልጠይቃት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አልጠየቅኳትም። ጨካኝ ሴት አይደለችም። በተማረችበት ነው ያስተማረችው። ክፍሏ ውስጥ ስልሳ ሰባ ልጅ ነበር። ሚስ ፍሪተን ያን ያህል ልጅ ይዛ እንዴት እንደምትሆን አላውቅም።

የማይዋጥልኝና የምንከራከርበት

ፊልሙን ወደድኩት ማለት ሁሉንም ወደድኩት ማለት አይደለም። ሱልጣኑ ማክያድ ከሚባል በካርታ ላይ ከሌለ የዓረብ አገር ነው የመጣው። የሚጫወተው ኤሪክ ፖልማን የሚባል አውሮፓዊ ተዋናይ ነው። ሱልጣን ማለት ሀብት፣ ብዙ ሚስትና ፈረስ ማለት ብቻ ነው። የልጁ የፋጢማ ነገር ደግሞ ይቆጨኛል። ታሪኩን የምታስጀምረው እሷ ናት፤ ከዚያ በኋላ ግን ብዙም አትሠራም። ከሩቅ አገር መጥታ እንግሊዝኛ በማያልቅባቸው ልጆች መሀል የተጣለች ልጅ ነበረች። የእሷ ዓይን ስንት ነገር ባሳየን! በ1960 የወጣው ሦስተኛው ፊልም ይብሳል። እዚያ ትልልቆቹን ልጆች ለአንድ የዓረብ ባለሥልጣን ልጆች ሐረም ሊወስዷቸው ይሞክራሉ። እሱን ሳይ ሳቄ ይቆማል።

ትልልቆቹን የሚያሳዩበት መንገድም አለ። ትንንሾቹ በጭቃ የተለወሱ፣ ጥርሳቸው የወለቀ፣ ነጻ ልጆች ናቸው። ስድስተኛ ፎርም ሲደርሱ ግን ካሜራው እግራቸው ላይ ይቆያል፣ ወንዶቹም ዓይናቸው ይፈጣል። ረባሽ መሆን የሚፈቀድላቸው እስከ አንድ ዕድሜ ብቻ እንደሆነ ነው። ከዚያ በኋላ መታየት ይጀምራሉ። ይህን ለልጄ ስነግራት "አዲሱም እንደዚያው ነው" አለች። እውነቷን ነው።

እንዲያም ሆኖ እሷ የምትመርጠው አዲሱን፣ የ2007ቱን ነው። አንድ ቅዳሜ አብረን አየነው። እዚያም ዳይሬክተሯንና ወንድሟን አንድ ወንድ ነው የሚጫወታቸው፣ ሩፐርት ኤቨረት። ኮሊን ፈርዝ የትምህርት ሚኒስትሩ ነው። ትምህርት ቤቱ በዕዳ ሊዘጋ ሲል ልጆቹ ከለንደን ናሽናል ጋለሪ የቨርሜርን ሥዕል፣ ባለ ሉል ጉትቻዋን ልጅ፣ ሊሰርቁ ያቅዳሉ። ለእኔ ብዙ ነገር ይጮህብኛል። ሙዚቃው ይጮሃል፣ ልብሱ ይጮሃል። ልጆቹም በቡድን በቡድን ተከፋፍለው፣ አለባበሳቸው ማንነታቸው ሆኗል። በድሮው ፊልም ሁሉም አንድ ዓይነት የተቀዳደደ ዩኒፎርም ነው የለበሱት፤ የሚለያዩት በሥራቸው ነው። ሩቢ ጌትስም የለችም።

ልጄ ክርክር አላት። በአዲሱ ታሪኩን የምናየው ገና በገባችው ልጅ፣ በአናቤል በኩል ነው። ፈርታ ትገባለች፣ ያሾፉባታል፣ ትሸሻለች፣ ቀስ በቀስ ከእነሱ አንዷ ትሆናለች። "በድሮው ግን ልጆቹን ከውጭ ነው የምናያቸው" ትላለች። "ስማቸውን እንኳ በደንብ አንይዝም። ማን ከማን ጋር እንደሚዋደድ አናውቅም። አንቺ የወደድሽው ዳይሬክተሯን ነው። እኔ የምፈልገው ልጆቹን ነው።"

ይሄ ከባድ ነጥብ ነው። ፍራንክ ላውንደርና ሲድኒ ጊሊያት፣ የድሮዎቹን ፊልሞች የሠሩት ሁለቱ ሰዎች፣ ልጆቹን እንደ አንድ ማዕበል ነው የሚያሳዩን። እኔ ማዕበሉን ወደድኩት። አስራ ሦስት ዓመቷ ላይ ያለች ልጅ ግን ማዕበል ውስጥ ራሷን አታገኝም። ፊቷን የሚመስል ፊት ትፈልጋለች። በዚህ ረታችኝ። በሚስ ፍሪተን ግን አልሸነፍም። ኤቨረት ያስቀኛል። ሲምን ግን አምነዋለሁ። ልጄን የሚቀበልልኝ ቦታ ቢጠፋ ይዣት የምሄደው እሱ ቢሮ ነው።

አሁን ቀጥሎ በምናየው ላይ አልተስማማንም። እሷ የ1957ቱን፣ የሴንት ትሪኒያንስን ሁለተኛ ፊልም፣ ትፈልጋለች። እኔ ከሁሉም በፊት፣ በ1950፣ ያው ላውንደር የሠራውን ማየት እፈልጋለሁ። እዚያ ሲም የወንዶች ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው። የትምህርት ሚኒስቴር ተሳስቶ የማርጋሬት ራዘርፎርድን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት እሱ ግቢ ይመድበዋል። ሁለቱ ዳይሬክተሮች አንድ ሕንፃ ይሻማሉ። ልጄ "እሱም ስለ ዳይሬክተር ነው!" ብላ እየጮኸችብኝ ነው።